የፋይናንስ ኃላፊው ወደ ቦርዱ የሚገባበት በር ይኑረው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስለ አክሲዮን ማኅበራት ብዙ ይጻፋል። የሚበዛው ጽሑፍ ስለ አክሲዮን ዋጋና ስለ ትርፍ ድርሻ ነው። ያንን ትርፍ የሚያሳየውን ሒሳብ ማን እንደሚያዘጋጀው፣ አዘጋጁም በአለቃው ፊት ምን ያህል ነፃ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም። ከሃያ ዓመት በላይ በሒሳብ ሠራተኝነትና በፋይናንስ ኃላፊነት የሠራሁ በመሆኔ፣ ይህንን ሳልጽፍ መቅረት አልቻልኩም።

የሥልጣን ተዋረዱ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ቦርዱን ይመርጣል፤ ቦርዱ ዋና ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፤ ሥራ አስኪያጁ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ይመራል። የፋይናንስ ኃላፊው በብዙ ድርጅቶች የሚቀጠረው፣ የሥራ አፈጻጸሙ የሚሞላውና የሚሰናበተው በሥራ አስኪያጁ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የፋይናንስ ኃላፊው ሒሳብ የሚለካው ከማንም በፊት የሥራ አስኪያጁን ውጤት ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገር። በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ሳገለግል፣ ሰኔ 29 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ጠርተው የ4 ሚሊዮን ብር የሽያጭ ደረሰኝ በዚያው በጀት ዓመት ገቢ እንዲመዘገብ አዘዙኝ። ወደ መጋዘን ወርጄ ባይ ዕቃው እንደተደረደረ ነው፤ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድም ላይ አንድ ካርቶን እንኳ ወጪ አልተደረገም። ይህንኑ ስነግራቸው «ደንበኛው በሐምሌ መጀመሪያ ይወስደዋል፤ የሦስት ቀን ልዩነት ምን ያመጣል?» አሉኝ። የሚያመጣው ልዩነት ግልጽ ነበር፤ የአመራሩ ጉርሻ የሚሰላው ሰኔ 30 በሚዘጋው ትርፍ ላይ ነው። አልፈርምም አልኩ። ብዙም ሳይቆይ «አማካሪ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶኝ ከሒሳብ ክፍሉ ተነሣሁ፤ ደረሰኙም በሌላ ሰው ፊርማ ተመዘገበ። ቦርዱ ነገሩን የሰማው ኅዳር ላይ፣ የውጭ ኦዲተሩ ሲደርስበት ነው። እስከዚያ ድረስ ለቦርዱ የሚቀርብ ማንኛውም የሒሳብ ሪፖርት በሥራ አስኪያጁ እጅ ብቻ ያልፍ ስለነበር፣ እኔም የምናገርበት መንገድ አልነበረኝም።

በሩ ክፍት ሲሆን የሚገኘውን ጥቅም በአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ በወርልድኮም ታሪክ ማየት ይቻላል። እስከ 2002 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ የፋይናንስ ኃላፊው ስኮት ሰሊቫን ለሌሎች የስልክ ድርጅቶች የሚከፈለውን የመስመር ኪራይ በወጪ ፈንታ እንደ ንብረት እያስመዘገበ ትርፉን ያሳብጥ ነበር። የውስጥ ኦዲት ኃላፊዋ ሲንቲያ ኩፐር ምርመራውን እንድታዘገይ ብትጠየቅም፣ ነገሩን በቀጥታ ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ አቀረበች። በመጀመሪያ የታወቀው ብቻ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የፋይናንስ ኃላፊው ሪፖርቱን እያንዳንዳቸው በስማቸው እንዲያረጋግጡ አስገደደ። በእኔ እምነት የዚህ ሕግ ትልቁ ቁም ነገር ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ተጠያቂ ማድረጉ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊ ሥራ ግን እምቢ ማለት ብቻ አይደለም፤ በዚህ ረገድ የሙያ ባልደረቦቼም ጥፋት አለባቸው። ክፍያ ማዘግየትን የሥልጣን መግለጫ ያደረጉ፣ ቫውቸር ከመፈረም ያለፈ ሥራ ያለባቸው የማይመስላቸው ብዙ አይቻለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ200,000 ዶላር ዕዳ የነበረበት አስመጪ 11.4 ሚሊዮን ብር ገደማ እከፍላለሁ ብሎ ሳለ ከ20 ሚሊዮን ብር በላይ ተጠየቀ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዕዳ ቆጥሮ፣ ምንዛሪው ቢናር ድርጅቱ ስንት ወር ሊዘልቅ እንደሚችል አስልቶ አስቀድሞ ለሥራ አስኪያጁ ማሳየት የፋይናንስ ኃላፊው ግዴታ ነው። አደጋውን አይቶ ወደ ንግዱ መግባት ወይም መተው ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ውሳኔ ነው፤ በዚህ የሒሳብ ክፍሉ ሊተካው አይገባም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል፤ አዋጅ ቁጥር 847/2006ም ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ ያደርጋል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ አዋጅ አይደለም። የአክሲዮን ማኅበራት በመተዳደሪያ ደንባቸውና በውስጥ መመሪያቸው፣ የፋይናንስ ኃላፊው ያለ ቦርዱ ስምምነት እንዳይሾም፣ እንዳይዛወርና እንዳይሰናበት ይደንግጉ። ኃላፊው ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ፣ ሥራ አስኪያጁ በሌለበት፣ ከኦዲት ኮሚቴው ጋር ይቀመጥ። ቃለ ጉባኤም ይያዝበት። የእርሱ ጉርሻም ከዓመቱ ትርፍ ጋር አይታሰር፤ በትርፉ የሚጠቀም ሰው ትርፉን ሲቆጥር እጁ ሊንሸራተት ይችላል።

ደንቡ እስኪሻሻል ድረስ ባለአክሲዮኑም ዝም ብሎ መጠበቅ የለበትም። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ የትርፍ ድርሻው ስንት እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት እጁን አውጥቶ የቦርዱን ሰብሳቢ፣ «የፋይናንስ ኃላፊያችንን በዚህ ዓመት ብቻውን ስንት ጊዜ አነጋገራችሁት?» ብሎ ይጠይቅልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፋይናንስ ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ