የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከአስተዳደር ወሰን ወደ ተፋሰስ

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ያጠናው የተፈጥሮ አደጋ ስጋትን ለመቀነስ የሚዘጋጅ ቀጠናዊ ዕቅድን ነው። አባላቱ መጀመሪያ የፈለጉት ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ርዕደ መሬት አፈጣጠር ማወቅ ነበር። ይሁን እንጂ ፍንዳታውንም ሆነ ዝናቡን ማስቀረት ባይቻልም ሰው የት እንደሚሰፍርና ወንዝ ሲሞላ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መወሰን ስለሚቻል፣ ውይይቱ ቀስ በቀስ ወደ መሬት አጠቃቀም አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጃፓን ሴንዳይ የጸደቀውና እስከ 2030 የሚዘልቀው ዓለም አቀፍ ማዕቀፍም ቀዳሚ ተግባር ያደረገው ስጋትን መረዳት ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በአብዛኛው ያለፈው በኮሎምቢያዋ የአርሜሮ ከተማ ጥናት ነው። በኅዳር 1985 እ.ኤ.አ. የኔቫዶ ዴል ሩዊዝ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በጫፉ ላይ ካለው በረዶ ከፊሉን ሲያቀልጠው፣ የጭቃ ጎርፍ በሸለቆዎቹ ቁልቁል ወርዶ ከተማዋን ቀበራት፤ ከ20,000 በላይ ሰዎችም አለቁ። ተማሪዎቹን ያነጋገራቸው ግን የፍንዳታው ኃይል አልነበረም። የአደጋ ካርታው ከጥፋቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ አርሜሮ በጭቃው መንገድ ላይ እንዳለች አሳይቶ ነበር፤ ከተማዋ ራሷም የቆመችው በ1845 የወረደ ተመሳሳይ የጭቃ ጎርፍ ባስቀመጠው ደለል ላይ ነበር። ጭቃው ከተማዋ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለፈጀበት ሰዎችን ለማሸሽ ጊዜ ነበረ። በእኔ ግምት የጎደለው ካርታውን ከሰፈራ ውሳኔና ከማስጠንቀቂያ ሥርዓት ጋር የሚያስተሳስር ዕቅድ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አባላቱ ከኮንቱር ካርታ (የመሬትን ከፍታ በመስመሮች ከሚያሳይ ካርታ) ተነስተው የአንድ ምናባዊ ወንዝ ተፋሰስን በካርቶንና በሸክላ ሠሩ። ላይኛው ከተማ ክትሩን፣ ማለትም ወንዙ እንዳይወጣ ዳር ለዳር የሚከልለውን ግድብ፣ ከፍ ሲያደርግ ውኃው የሚተኛበት ሜዳ ስለሚያጣ፣ ወደ ታችኛው ከተማ ፈጥኖና በዝቶ እንደሚደርስ በሞዴሉ ላይ ውኃ እያፈሰስን ተመለከትን። ከዚያ ወደ ራይን ወንዝ ተሻገርን። በ1995 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ወደ 250,000 የሚጠጉ ሰዎች ከጎርፍ ስጋት የተነሳ ከቤታቸው እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ፣ ወንዙ የሚያገናኛቸው አገሮች በ1998 የጋራ የጎርፍ ዕቅድ አጸደቁ። ኔዘርላንድስም በናይሜኸን ከተማ ፊት ለፊት ክትሩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ 350 ሜትር ወደ ኋላ ወስዳ ለወንዙ ተጨማሪ መተላለፊያ ቆፈረች፤ ለዚህም ነዋሪዎች የነበሩባቸው ቤቶች መፍረስ ነበረባቸው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በዓመቱ መዝጊያ ላይ የምናባዊውን ተፋሰስ ነዋሪዎች ወክለን ያካሄድነውን የምክር ቤት ክርክር ተቆጣጠረው። የላይኛውን ተፋሰስ የወከለችው ተማሪ፣ ማሳዋ ጎርፍ እንዲያድርበት የምትስማማው የታችኞቹ ከተሞች ካሳውን በየጊዜው ከከፈሉ ብቻ መሆኑን በጽናት ስለተከራከረች (በዚያ ዕለት ማንም አላሸነፋትም)፣ የታችኞቹ ተወካዮች ክትሩን ከፍ ለማድረግ የያዙትን በጀት ለካሳ ለማዋል ተስማሙ። የክፍያው መጠን በምን እንደሚሰላ ግን ሳይወሰን ሰዓቱ አለቀ። ሞዴሉና የተስተካከለው ካርታ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠዋል፤ የመጪው ዓመት አባላትም ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚሁ የካሳ ስሌት ይሆናል።