ደሴን ማደሪያ ብቻ አታድርጓት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ሳላነብ አልውልም። ስለ አገር ጉብኝት ስትጽፉ ግን አንድ ነገር ያናድደኛል። ስለ ላሊበላ ገጽ ሙሉ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ደሴ ላይ ስትደርሱ ግን «አድረን ማልደን ተነሳን» ብላችሁ ታልፉናላችሁ። በእርግጥ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። አስጎብኚውም ሰዉን ማታ አምጥቶ ሆቴል ያስገባና ገና የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገለጥ ይዞት ውልቅ ይላል። ከዚያ ደግሞ «ደሴ ምን የሚታይ አለ?» ይሉናል።

ልንገራችሁ። መጀመሪያ ባጃጁን ተዉት። ከፒያሳ በእግር ተነሱ። ዳገት አለው፣ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ሰው ትንሽ ያለከልካል፣ ግን ማንም አያሳድደውም፣ ቀስ ይበል። አይጠየፍ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ። ሰውየው መሐመድ አሊ ተብለው የተወለዱ፣ በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ ክርስትና የተነሱ፣ የምኒልክን ልጅ ያገቡ፣ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። በ1906 ንጉሥ ተባሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ፣ ጥቅምት 1909፣ ለልጃቸው ሲሉ ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተማረኩ። አዳራሹ ግን እዚሁ ቀረልን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሹሙም ድሃውም ግብር የበላበት ነው ብለው አያቶቻችን ሲያወሩ ነው ያደግነው። የአንድ አገር ሰው ታሪክ ቆሞ የሚያይበት ቦታ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው የአሜሪካኖቹ ሆስፒታል ሳይቀር ቦምብ ወርዶበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ ዓለምን የዞረው ያን ጊዜ ነው። ፎቶውን ያየ ሰው ሞልቷል፣ ደሴ መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ ወደ ሰኞ ገበያ ውረዱ። ስሙ እንደሚለው ሰኞ ነው የሚደምቀው። በርበሬውንና ቅመሙን እለፉት፣ እሱ የትም አለ። ባና ተራ ቁሙ፣ ከበግ ጸጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ የሚሸጥበት። ነጋዴው ባናውን ከእጥፉ ያወጣና ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዞር ዞር ይላል። ገዢው ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ ይስባል፣ ላላ እንደሆነ ያያል፤ ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታል፣ የበግ ጸጉሩ ጠረን ካልመጣለት አያምንም። ክርክሩ ይጀመራል። ሻጩ «በማርያም» ይላል፣ ገዢዋ «ወላሂ» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታችሁ ስትሰሙ መሐላውን ተቀያይረዋል። ስጋ ቤቱ በር ላይ ግን መስቀልና ጨረቃው እንደተለየ ነው፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም። ሰርግ ቤትም ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል፣ ዳሱ ግን አንድ ነው። ሰው ሲሞትም ቅሬው፣ ማለት እድሩ፣ አንድ ነው፣ መቃብሩን ሁሉም ይቆፍራል። ይህን በስብሰባ ላይ «መቻቻል» እያሉ ሲያወሩት ያሰለቸኛል፣ ሰፈር ገብቶ ላየው ግን የዘወትር ኑሮ ነው። ቡና ጠርተዋችሁ ከገባችሁ ደግሞ በረካ ሳይጠጣና ሳትመረቁ አትወጡም፣ ስለዚህ ሰዓታችሁን አስቡበት።

እንግዲህ ወቀሳው ለእናንተ ብቻ እንዳይመስል፣ የራሳችንንም ልናገር። ባለፈው ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይዤ አንድ የቅርስ ግቢ በር ላይ ደረስን። ዘበኛው «ደብዳቤ አላችሁ?» አለን። የምን ደብዳቤ? «ከቢሮ።» ቢሮው ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቁልፉም እሳቸው ጋ ነው ተባልን። እንግዶቼ አጥሩን ፎቶ አንስተው ተመለሱ። እኔ አፈርኩ። በሩ ላይ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ የሚል አንዲት ወረቀት እንኳ የለም። ከፒያሳ ጀምሮ ወዴት እንደሚታጠፍ የሚጠቁም ሰሌዳም አላየሁም፤ ለሞባይል ማስታወቂያ ግን ቦታ አልጠፋም። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፎ የደረሰበትን ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል። በር መክፈትና ሰዓት መለጠፍ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ በጀት አልተያዘም አይባልበትም።

እናንተም ጋዜጠኛ ላኩልን። እሁድ ማታ ይግባ፣ ሰኞን ይዋል። ከቻለ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤትንም ይይ፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ስም ነው። ከአረብ ገንዳ እስከ ሸዋ በር ባለው መንገድም ይመላለስ። ክረምት ላይ ከሆነ ጃኬትና የማያንሸራትት ጫማ ይያዝ፤ ጭቃችን አይቻልም። ቁልፍ የያዘውን ሰው ደግሞ እኔ ከወዲሁ እፈልገዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣
የሰኞ ገበያ ልጅ፣ ከደሴ