ደብዳቤ ለአዘጋጁ፦ ጀሪካኑ ገባ፣ ወንድሜ ቀረ

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ኤችአይቪ ሕሙማን ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስቴ አነበብኩት። ሦስቴም የኤችአይቪውን መድኃኒት «አንጎል የሚመርዝ ክኒን» የምትለዋ ላይ ቆምኩ። መርዙን ማን መርምሮ እንዳገኘው ብትነግሩን ደስ ባለን።

ስለ ጎጃም ያወጣችሁት አንድ ፎቶ ነው፤ የጸበል ቢጫ ጀሪካን። ጋዜጠኛችሁ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ፣ እኔ ቤት ቡና እስከ በረካው ጠጥቷል። የወንድሜን ነገር ከሀ እስከ ፐ ነግሬው፣ እሱም ሲጽፍ ነበር። ምን ሲጽፍ እንደነበር እንጃ። ብቻ ጀሪካኑ ገባ፣ ወንድሜ ቀረ።

እንግዲያው እኔው ልጻፈው። ታናሽ ወንድሜ ቫይረሱ እንዳለበት ሲያውቅ ሲዲፎሩ፣ ማለትም በደሙ ያለው የመከላከያ ሕዋስ ቁጥር፣ 38 ብቻ ነበር። መድኃኒቱን የዚያኑ ቀን አስጀመሩት። «ራሴን ያመኛል» ብሎ ነበር። «ያልፋል» ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት ማስታወክ ጀመረ። አንድ ማታ «እታለም፣ ሁለት ሆነሽ ታየሽኝ» አለኝ። በማግስቱ አንዘፈዘፈው። ሰፈሩም ልክ እንደ እናንተ «ክኒኑ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» አለ። ሰፈሩስ ጋዜጣ አያትምም።

ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላን አልፈን ባሕር ዳር አደረስነው። ከጀርባው ውሃ ቀድተው ሲያዩት ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ተገኘ። ፈንገሱ ድሮም እዚያው ነበር። ሐኪሟ ስታስረዳኝ እኔ በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። የሰውነት መከላከያ የማሳ ጠባቂ፣ ፈንገሱ ደግሞ ዝንጀሮ ነው፤ ጠባቂውን እንቅልፍ ጥሎታል እንበል። ዝንጀሮው ገብቶ ይበላል፣ ማንም አይጮህም። መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያዳክመው ጠባቂው ነቃ። ዝንጀሮውን ሲያሯሩጥ አዝመራውን ራሱ ረጋገጠው። የራስ ምታቱም፣ መንቀጥቀጡም ከዚያ ሩጫ የመጣ ነው። ማሳው ደግሞ አንጎል ነው፤ የራስ ቅል ውስጥ ለእብጠት የሚሆን ትርፍ ቦታ የለም።

ሐኪሞቹ ይህን የጠባቂ ሩጫ አይሪስ ይሉታል። የሚበዛው ሲዲፎራቸው በጣም ወርዶ በጀመሩ ሰዎች ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት። የአንጎል ሽፋን ቲቢም እንዲሁ ያደርጋል። አንዳንዱ የቲቢውን መድኃኒት እየወሰደ፣ እየተሻለው ቆይቶ፣ የኤችአይቪውን ሲጀምር ድንገት ይብስበታል።

እውነቱን ለመናገር፣ መቼ ይጀመር የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ይኸው ፈንገስ የአንጎላቸው ሽፋን ላይ የወጣባቸው 177 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ውጤቱ በአውሮፓ አቆጣጠር 2014 ወጣ። ፈንገሱ ከታወቀ በኋላ የኤችአይቪውን መድኃኒት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ከጀመሩት 45 በመቶው በ6 ወር ውስጥ ሞቱ። 5 ሳምንት ገደማ ከጠበቁት ግን 30 በመቶው። ለዚህ ነው ዛሬ ፈንገሱ አስቀድሞ ታክሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚጠበቀው። እንግዲህ ይህ የሰዓት ጉዳይ ነው ወይስ የመርዝ? ወንድሜ ራሴን አመመኝ ሲል ያን ቀን ቢመረመር ኖሮ፣ ዛሬ ግራ ዓይኑ ባልፈዘዘ። መጠየቅ ያለበት ይህ ነበር። ለጋዜጠኛችሁም ይህን ነግሬዋለሁ!

ባሕር ዳር የጀርባውን ውሃ ደጋግመው ቀድተው ግፊቱን አበረዱለት። የፈንገሱን መድኃኒት በመርፌም በክኒንም ሰጡት። የኤችአይቪውን ግን አላስቆሙትም። «መርዙን» እየዋጠ ዳነላችሁ። ዘንድሮ ጤፉንም ዳጉሳውንም ያጨደው እሱ ነው።

ጸበልም ይሄዳል፣ አዎ። ክኒኑን በኪሱ ይዞ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ሁለቱ አይጣሉም ብለው አስተምረው የለም እንዴ? ይህ ለእናንተ አዲስ ዜና ከሆነ በነፃ ውሰዱት።

እኔ ራሴ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ እውጣለሁ። በዚያ ላይ አዲስ የሚጀምሩትን ቤት ለቤት እየዞርኩ አበረታታለሁ። ዘገባችሁ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ከጀመረ ወር ያልሞላው አንድ ጎረቤቴ ጋዜጣውን አጥፎ ይዞ መጣ። ክኒኑን ትቶታል። ሁለት ማታ ደጁ ተቀምጬ ነው የመለስኩት። ሌሎቹን የቱ ሰፈር ሄጄ ልፈልጋቸው?

እርማቱን መርዙ በተጻፈበት ገጽ፣ መርዙ በተጻፈበት የፊደል መጠን አውጡልኝ። ጋዜጠኛችሁ የቀረው ነገር ካለ ስልኬ እሱ ጋ አለ። ቡናም አይጠፋም። ጀሪካን ብቻ የለኝም።

አንዲት አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም