ለኅዳር ጽዮን ከመምጣታችን በፊት

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የዓይንሽን ነገር አስቤ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌዋለሁ። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር የቆጠርሽው ፊደል ለዚህ ይበቃል። እባክሽ ለጎረቤት አታስነብቢው።

እኛ ደህና ነን። ልጄ 2ኛ ክፍል ገባች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ጣሪያ ላይ ልወርውር አለች። የካ አባዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነን የምን ጣሪያ? አለቀሰች። «እንግዲያው የአያቴ ቤት ላይ» ብላ በሶፍት ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ሂሳብ ላይ ጎበዝ ናት። ያንቺን እጅ ነው የወረሰችው።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ዋናውን ለማዘግየት ነው። በስልክ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።

እማዬ፣ መጠጥ ትቻለሁ። ከሚያዝያ ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ።

ያኔ ታይፎይድ ያዘኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። በአንዴ ልተው ብዬ ቤት ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን እጄ የሻይ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። አንሶላው በላብ ራሰ። ሚስቴ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ተቆጣኝ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል አለኝ። በመድኃኒት እየተከታተሉ ነው ያወጡኝ።

እኔ ታይፎይድ አልኩ። አንቺ ደግሞ አባባ በወፍ በሽታ ሞተ ትያለሽ። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ እንዲያ በል ብለሽኝ አልኩ። 12 ዓመቴ ነበር። ዓይኑ ቢጫ የሆነው ጉበቱ አልቆ ነው። ጉበቱን ምን እንደጨረሰው ሁለታችንም እናውቃለን። ማታ ማታ «ሂድ፣ አባትህን ጥራ» ስትይኝ የት እንደሆነ ነግረሽኝ አታውቂም። ጠይቄሽም አላውቅም።

ልወቅስሽ አይደለም ልል ነበር። ትንሽ ግን ልወቅስሽ ነው።

ያን የጠርሙስ ክዳን ታስታውሺዋለሽ? ድፍድፉ ይንተከተካል፤ እኔ መቃው አጠገብ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራ እሠራለሁ። አረቄው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሲያስለኝ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበትን በክዳኑ ቀድተሽ «ዋጥ አድርጋት፣ ለጉንፋን ነው» ትያለሽ። ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፤ ከዚያ ደረቴ ሙቅ ይላል። በኋላ በኋላ ጉንፋን ሳይዘኝ እስል ነበር። አላወቅሽም።

በዚያው አረቄ ደብተር ገዝተሽልኛል። ዩኒፎርም አልብሰሽኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ።

አሁን ብሎካችን ስር ሁለት ግሮሰሪ አለ። ከሥራ ስገባ ጓደኞቼ «አንድ ብቻ» ይሉኛል። እኔ ጋ አንድ ብቻ የሚባል ነገር የለም። በጓሮ በኩል ዞሬ እገባለሁ።

ለኅዳር 21 ሰበታ እንመጣለን። ዝክሩ ላይ ዘመዱ ሁሉ ብርጭቆ ይዞ «የእናትህን እጅ ትገፋለህ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። መልሱን አንቺ ስጪልኝ። ለእኔ ብርዝ በጥብጪልኝ። እንዳይፈላ የዕለቱ ይሁን።

አንድ ነገር ቀረ። ባለፈው ጥምቀት ጓዳ ስገባ ያ ክዳን በእጅሽ ነበር። ልጄ አፏን ከፍታ ቆማለች። ዝም ብዬ ወጣሁ። እኔም ጠጥቼ ነበር፤ በምን አፌ ልናገር? አሁን ግን እለምንሻለሁ፣ እንዳትሰጫት። ብታስልም፣ ብታለቅስም እንዳትሰጫት። ዝንጅብልና ማር ይበቃታል።

የግፊት ኪኒንሽ ሊያልቅ ነው አሉ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ። እስከዚያው አንድ ቀንም እንዳታቋርጪ። ጭሱ ላይ ብዙ አትቀመጪ፣ ዓይንሽ ነው።

ጥርሷን ጣሪያሽ ላይ እስክትወረውር ቀን እየቆጠረች ነው።

ልጅሽ