94ን ጠቅሳችሁ 56ን የት ጣላችሁት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት «ቤት የላቸውም፣ ኢንተርኔት ግን አላቸው» በሚል ርዕስ ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ሰው ሲቀባበለው ስለሰነበተ ዝርዝሩን መድገም አያስፈልገኝም። ካርቶን ላይ ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካውን ሰው ፎቶም ያላየ ያለ አይመስለኝም። ፊቱን ሳትሸፍኑ ማውጣታችሁ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለዛሬ ልለፈው።

እኔን ያናደደኝ አንድ ቁጥር ነው። ዘጋቢያችሁ «በጥናት እንደተረጋገጠው ከመቶ ቤት አልባዎች 94ቱ የእጅ ስልክ አላቸው» ብሎ ይጀምርና የቀረው ችግር «የአጠቃቀም ክህሎት» ብቻ እንደሆነ ይደመድማል። ቁጥሩን ከኪሱ አላወጣውም፤ ይህን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና በሎስ አንጀለስ 421 ጎልማሶችን የጠየቀ አንድ ጥናት ላይ ይገኛል። ግን እዚያው ጥናት ማጠቃለያ ላይ፣ ከ94 ጎን፣ 56 የሚል ቁጥርም አለ። ከተጠየቁት መካከል 56 በመቶው በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ብቻ ስልካቸው ተለውጧል ማለት ነው። ወረድ ሲሉ ደግሞ በስልካቸው ኢንተርኔት የሚጠቀሙት 51 በመቶ እንደሆኑ ይነበባል። ዘጋቢያችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ምን እንዳደረጋቸው ቢነግረን ደስ ይለኛል። ቦታ ጠቧችሁ ይሆናል፤ ፎቶው ትልቅ ነበር።

በዚያ ላይ የተጠየቁት ሰዎች ድጋፍ ወዳለው ቋሚ መኖሪያ በመግባት ላይ የነበሩ ናቸው። ቢያንስ ስማቸው አንድ ቢሮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የሚፈልጋቸው ሰው አለ። ድልድይ ሥር የሚያድረውና ማንም ያልመዘገበው ሰው ከእነሱ የተሻለ ስልክ ይኖረዋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። አንድ ከተማ ላይ የተገኘን ቁጥር ለዓለም ቤት አልባ ሁሉ ማልበስማ ጭራሽ ሌላ ድፍረት ነው።

56 ምን ያህል ከባድ ቁጥር እንደሆነ የማይገባው፣ ስልኩ ሲጠፋ ቤቱ ገብቶ ላፕቶፑን የሚከፍት ሰው ነው። እኔ ቤት አልባ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ መጠለያ ውስጥም፣ ውጭም። አንድ ሌሊት መጠለያ ውስጥ ተኝቼ ስልኬ ከነቦርሳዬ ተሰረቀ። መታወቂያዬ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ሲም ካርዴን ላስመልስ ስሄድ «መታወቂያ አምጣ» ተባልኩ። መታወቂያ ላወጣ ስሄድ «ቀጠሮ በኢንተርኔት ነው የሚያዘው» ተባልኩ። ቀጠሮ ልይዝ ስል ደግሞ ገጹ «በስልክዎ የላክንልዎትን ኮድ ያስገቡ» አለኝ። በየትኛው ስልክ?

ኢሜይሌ አይጠፋም ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የይለፍ ቃሌን አንዲት ፊደል አልረሳሁም። ኮምፒውተሩ ግን «ይህን መሣሪያ አናውቀውም» አለና ማረጋገጫ ላከልኝ፤ ወደዚያው ወደ ተሰረቀው ስልክ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ለካ እዚያ ኢሜይል ውስጥ ከቤት ተጠባባቂዎች ዝርዝር የተላከ መልእክት ተቀምጦ ኖሯል፤ በተባለው ቀን ካልመለስኩ ስሜ እንደሚሰረዝ የሚገልጽ። ይህን ያወቅኩት በአካል ሄጄ ስጠይቅ ነው። ሠራተኛዋ ስክሪኗን እያየች፣ ሳትቆጣም ሳታዝንም፣ «ፍላጎት የለውም ተብለህ ተዘግተሃል» አለችኝ። ፍላጎት የለውም! ዘጋቢያችሁ ይህን ቢሰማ ኖሮ የሚጽፈው ሌላ ዘገባ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን ማን ይንገረው? የቴሌኮም ባለሙያውን ጠየቀ፣ የመጠለያውን ኃላፊ ጠየቀ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቱን ቃል አቀባይ ጠየቀ። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ግን ፎቶ አነሳው እንጂ አልጠየቀውም።

አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ በሁለት ደረጃ ማረጋገጥ፣ ማለትም ከይለፍ ቃል በላይ በስልክ የሚላክ ኮድ መጠየቅ፣ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሌባ አካውንት እንዳይከፍት የተሠራ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የተሠራው አንድ ስልክ፣ አንድ ቁጥርና አንድ አድራሻ ይዞ ለዓመታት ለሚቆይ ሰው ነው። ስልክ ቢጠፋብዎ ተብሎ የተጻፈውን መመሪያ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? የመጠባበቂያ ኮዶቹን አትመው ደህና ቦታ ያስቀምጡ ይላል። ማተሚያውም ደህናው ቦታም እንዳለን ተቆጥሮ ነው። ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት እሰርዛለሁ ብሏል። ጎዳና ላይ ሁለት ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል። የልጅ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት ያስቀመጠበት ሰው ዕቃውን ሁለተኛ ጊዜ ያጣል፤ የመጀመሪያው ከቤት የወጣ ቀን ነበር።

ስልክ መያዝ ቻርጅ መኖር አይደለም፤ ይህን ለማስረዳት መገደዴ ራሱ ይገርመኛል። በሕዝብ ቦታ ያለ ሶኬት ወይ ክዳን ተቆልፎበታል፣ ወይ ዘበኛ ቆሞበታል። መጠለያው ውስጥ ያለችው ሶኬት ላይ ስልክህን ሰክተህ ለአልጋ ከተሰለፍክ ስልኩን ታጣዋለህ፤ ስልኩን ከጠበቅክ አልጋውን ታጣለህ። ብዙ ጊዜ አልጋውን መርጫለሁ። በማግሥቱ የደወለልኝ ቀጣሪ «ስልኩ ዝግ ነው» የሚል መልስ አግኝቶ ወደ ሌላ አመልካች ዞረ። ይህም ፍላጎት የለውም ተብሎ ሳይመዘገብ አልቀረም።

ቤተ መጻሕፍትን አልወቅስም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ባይኖሩ የሥራ ማመልከቻ የሚባል ነገር አልሞላም ነበር። ግን ካርድ ለማውጣት የመኖሪያ ማስረጃ የሚጠይቁ አሉ፤ ኮምፒውተሩም በሰዓት ነው። ገጽ በገጽ የሚሞላ ማመልከቻ መጨረሻ ላይ ደርሰህ «ጊዜዎ አብቅቷል» ሲልህ የጻፍከው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በስልክ ሙላው እንዳትሉኝ። በተሰነጠቀ ስክሪን፣ በአውራ ጣት፣ የአሥር ዓመት የሥራ ልምድ ጽፎ ፒዲኤፍ አድርጎ ያያያዘ ሰው ካለ ዘጋቢያችሁ ያስተዋውቀኝ።

«ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» ያሉትን ባለሙያ በተመለከተ ደግሞ፦ እሰየው፣ ያሠልጥኑን። የተዘጋ ካፌ ዋይፋይ በሌሊት እስከ የትኛው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ እንደሚደርስ በእግራቸው ለክተው የሚያውቁ ሰዎችን የሚያስተምሩት ነገር ካላቸው ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

በሳጥን ወዳወጣችሁት «የሌሎች አገሮች ተሞክሮ» ልምጣ። የኒውዮርክን ነጻ የዋይፋይ ምሰሶዎች አድንቃችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ሥራ ሲጀምሩ እያንዳንዳቸው ማንም ቆሞ ኢንተርኔት የሚጠቀምበት ታብሌት ነበራቸው፤ የራሱ መሣሪያ የሌለው ሰው ከምሰሶው ኢንተርኔት የሚያገኘው በዚያ ብቻ ነበር። ቤት አልባዎች ምሰሶው ሥር ተሰበሰቡ የሚል አቤቱታ በዛና በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከታብሌቱ የኢንተርኔት ማሰሻው፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ተነሣ። ዋይፋዩ፣ ቻርጅ ማድረጊያውና ነጻ የስልክ ጥሪው አልተነሡም፤ ማለትም ኢንተርኔቱን መጠቀም የቀጠለው መሣሪያ ያለው ነው። እናንተ የጠቀሳችሁት ይህን ያልተነሣውን ነው። የተነሣው ለማን እንደነበረና ለምን እንደተነሣ አንድ መስመር አልተጻፈም።

የፊንላንድ ነገር ይሻላል፤ እሱም ግን ጎዶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢያንስ በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የኢንተርኔት መስመር ማግኘት በሕግ መብት መደረጉ እውነት ነው። መብቱ የተሰጠው ግን ለቋሚ መኖሪያና ለንግድ ቦታ ነው፤ ከቤት ጋር ነው የታሰረው። ፊንላንድ ይህ ብዙም አልጎዳትም፣ ምክንያቱም አስቀድማ ቤት አልባዎቿን ቤት ማስገባት ጀምራ ነበር። ቤቱን ሳይሰጥ መስመሩን ብቻ የሚቀዳ አገር ግን መብቱን ለማን እንደሚሰጥ እናንተው አስቡት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው እትም 56ንና 51ን ከ94 ጎን አትሙልን፤ በተመሳሳይ የፊደል መጠን። ሁለተኛ፣ በዘገባው ሥር አስተያየት ልሰጥ ስል ገጻችሁ በስልክ ቁጥር የሚላክ ኮድ ጠየቀኝ። እኔ አሁን ስልክም ቤትም ስላለኝ ችግር የለብኝም። ዘገባችሁን ያሳየኝ፣ እስካሁን መጠለያ ውስጥ ያለው ወዳጄ ግን ከእኔ የበለጠ የሚለው ነበረው፤ ሲሙ ተዘግቶበት መጻፍ አልቻለም። እንደሱ ላሉት አንባቢዎቻችሁ በእጅ የተጻፈ ወረቀት የምትቀበሉበትን አድራሻ ከገጹ ግርጌ አስቀምጡ።

ስሜ እንዳይወጣ የምጠይቅ አንባቢያችሁ