ከዚያስ የሌለው ተረት

ለእናቴ፤ ሰከላ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ፍልሰታንም በሰላም ፈትተናል። ደብዳቤውን የሚያነብልሽ ማሙሽ ነውና አንድ ቃል ለእሱ፦ ማሙሽ፣ አትሩጥ፣ አትጩህም። አያትህን የሚያማት ጉልበቷ እንጂ ጆሮዋ አይደለም።

ሌሊት እንቅልፍ እንቢ እንዳለሽ ወንድሜ ነግሮኛል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከሰዓት በኋላ ቡና እንድትተዪ መክራሻለች አሉ። ሦስተኛውን ሳትጠጪ ከረከቦቱ እንደማትነሺ ስለማውቅ እሱን አልደግመውም። እኔ የምልክልሽ ተረት ነው። በስልክ እየቀዳሁ በቴሌግራም ከላክሁት ግማሹን ሰምተሻል፣ ግማሹን ኔትወርክ በልቶታል። ወረቀት ባትሪ አያልቅበትም ብዬ ነው አሁን የጻፍሁት።

ለምን እንዲህ ያለ ተረት እንደመረጥሁ ልንገርሽ። ልጆቼን ሳስተኛ መጀመሪያ የማወራላቸው የጦርነትና የነገሥታት ታሪክ ነበር፤ የታሪክ አስተማሪ ሌላ ምን ያወራል? ዓይናቸው ይፈጣል። «ከዚያስ?» ይላሉ። «ከዚያስ» ያለ ሰው ደግሞ አይተኛም፣ ልጅም ይሁን አዋቂ። አንቺ የጅቡንና የአህያዋን ስታወሪልን ጋቢ ውስጥ ተሸጉጠን ዓይናችን የማይከደነው ለዚህ ነበር፤ ጅቡ በር ላይ ቆሞ ማን ይተኛል? ስለዚህ «ከዚያስ» የሌለው ተረት ፈለግሁ፤ ማንም የማይነግሥበት፣ ጅብ ማንንም የማይበላበት፣ ሰው ተነሥቶ ሥራውን ሠርቶ የሚተኛበት። የጥንት ሰው ኑሮ አብዛኛው እንዲህ ነበር። መጽሐፍ ውስጥ የገባው ግን የተዋጉበት ቀን ነው።

ከግሽ ዓባይ ልጀምር፤ ጠበል ከምትጠመቂበት። ከዚያ የሚነሣው ውሃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፣ እኔ ካለሁበት ከባሕር ዳር ወጥቶ በሱዳን አልፎ ግብፅ ይደርሳል። ይህን ታውቂዋለሽ። የጥንቶቹ ግብፃውያን ግን አያውቁትም ነበር። አገራቸው ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ በበጋው ሙቀት መካከል ወንዙ ከፍ ከፍ ይል ነበር፤ ነሐሴና መስከረም ላይ እርሻውን ሁሉ ያለብስ ነበር። ሲጎድል ጥቁር አፈር ትቶ ይሄዳል፣ እነሱም ይዘሩ ነበር። አሁን ጣራሽን እየደበደበ እንቅልፍ የሚከለክልሽ ዝናብ እኮ ነው እማዬ፣ እነሱ ደረጃ በድንጋይ ሠርተው ከፍታውን እየለኩ የሚጠብቁት የነበረው። (ስለ ግድቡ እንዳትጠይቂኝ። እሱ የሚያስተኛ ወሬ አይደለም።)

ተረቱ ያለው እዚያው ግብፅ፣ ዛሬ ሉክሶር ከሚባለው ከተማ ማዶ ነው፤ ቦታውን ዴር ኤል መዲና ይሉታል። የነገሥታቱን መቃብር ከዓለት የሚፈለፍሉና ግድግዳውን የሚስሉ ሠራተኞች የኖሩበት መንደር ነው፤ ከዛሬ 3,200 ዓመት ገደማ በፊት።

ሴትዮዋ ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች። ያደረችው ጣራ ላይ ነው፤ ጣራው ጠፍጣፋ ነው፣ በሙቀት ጊዜ ነፋሱ እዚያ ይሻላል። ራሷን ያሳረፈችው ብርኩማ ላይ ነው፤ ከእንጨት የተጠረበ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ። ትወርዳለች። እህሉን ታወጣለች። ወፍጮዋ አንቺ የምታውቂው ነው፣ ጋደም ያለ ድንጋይና መጅ። ትንበረከካለች። መጁን ትገፋለች፣ ትመልሳለች። ትገፋለች፣ ትመልሳለች። (ማሙሽ፣ እዚህ ላይ ቀስ በል። ደጋግመህ ብትለውም አይከፋም።) የምትፈጨው ከስንዴ ወገን የሆነውን አጃና ገብስ ነው። ዳቦውን ትጋግራለች። ብቅሉን ከበሰለ እህል ጋር አዋህዳ ጋን ውስጥ ትጨምራለች፣ አፉን ትከድናለች። ፀሐይ ወጣ ሲል አህዮቹ ውሃ ጭነው ይመጣሉ፤ መንደሩ በረሃ ጫፍ ላይ ነው፣ ውሃ የለውም። ባሏ ከተራራው ማዶ ሥራ ላይ ነው። ሳምንታቸው አሥር ቀን ነው፣ ዕረፍቱ መጨረሻው ላይ። ደመወዙ እህል ነው፤ በወር አራት ከረጢት አጃና አንድ ተኩል ከረጢት ገብስ። ትሰፍራለች። ታስቀምጣለች። ቀኑ ይመሻል።

ይኸው ነው። ምንም አልሆነም።

ይህን በስልክ የሰማሽ ዕለት «ጌሾውስ?» ብለሽ እንደተነሣሽ ማሙሽ ነግሮኛል። ጌሾ አያደርጉበትም እማዬ፤ ይቅር በያቸው። በዚያ ላይ ከወፍጮው የሚረግፈው ድንጋይና የበረሃው አሸዋ ከዱቄቱ ጋር ይገባ ስለነበር ጥርሳቸው በጊዜ ያልቅ ነበር። ይህን ለልጆቼ አልነግርም፣ ለአንቺ ግን ሙያሽ ነው።

ኑሯቸውን እንዴት አወቅን ብትዪኝ፣ እነሱው ጽፈውት ነው። ወረቀት ውድ ነው፤ የድንጋይ ስባሪ ግን እግራቸው ሥር ሞልቷል፣ በእሱ ላይ በቀለም ይጽፉበታል። ከነዚያ አንዱ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ንጉሥ ራምሴስ ሁለተኛው በነገሠ በ40ኛው ዓመት የተጻፈ የሠራተኞች የቀሪ መዝገብ ነው። አንዱ ጊንጥ ነድፎት ቀረ ይላል። አንዱ ዓይኑን አሞት። አንዱ ደግሞ ጠላ ሲጠምቅ። እኔ ተማሪዎቼ ሲቀሩ ከምሰማው ሰበብ ይህ ይሻላል። የታላቁ ራምሴስ ጦርነቶች በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተቀርጸዋል፤ ልቤን የሚያሳርፈኝ ግን ያ ጠላ ጠማቂ ነው።

ወሮቻቸውም እንደኛ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ነበሩ፣ አሥራ ሁለት ወር፣ ትርፏም አምስት ቀን። ጳጉሜ ከዚያ ወገን ናት። ዘንድሮም ለሩፋኤል ዝናብ ልጆቹን ሁሉ ደጅ እንደምታስወጪያቸው አውቃለሁ፤ ብርድ እንዳይመታሽ ብቻ አንቺ ከታዛው ሥር ሁኚ።

አንድ ነገር ግን አንቺ የተናገርሽው እኔንም እንቅልፍ ነሥቶኛል። የአክሱሙን የንጉሥ ዒዛናን ድንጋይ ያወራሁልሽ ጊዜ ነው። ስድስት የቤጃ ሕዝብ አለቆችን ከ4,400 ሰዎቻቸው ጋር ወደ ሌላ አገር ሲያዛውር በየቀኑ 22,000 የስንዴ ዳቦ ይሰጣቸው እንደነበር በድንጋይ አስቀርጿል። እኔ የንጉሡን ኃይል ልነግርሽ ነበር። አንቺ «ማን ጋገረው?» አልሽ። ከመጻሕፍቱ ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ መስመር አላገኘሁም። ያን ሁሉ ስንዴ የፈጩ ጉልበቶች ነበሩ፤ ንጉሡ ቁጥሩን እንጂ እነሱን አላስጻፈም።

ከኛም ቤት የሚያስጽፍ አልነበረም። ስለዚህ አሁን የምጠይቅሽ አለ። እንቅልፍ እንቢ ባለሽ ሌሊት አንቺም ለማሙሽ አውሪለት፣ እሱ በስልኩ ይቅዳ። የሠርግሽን ቀን አይደለም የምፈልገው፣ እሱን ሁሉም ያወራዋል። አባዬ ያረፈበትንም አይደለም። ልጅ ሳለን ከነበረው አንድ ተራ ሰኞ አውሪልኝ። መጀመሪያ የምትነኪው ምን ነበር፣ እሳቱን ነው ወይስ በሩን? ገብሱን የምትፈጪው ማታ ነው ሌሊት? የጌሾውን መጠን በምን ነበር የምታውቂው? ፈትሉን ስትፈትዪ ከማን ጋር ትቀመጫለሽ፣ ስለምንስ ታወራላችሁ? ሰው የማያማ ብቻ ይሁን እንዳትዪ፣ ያማችሁትንም ጨምሪበት። ማሙሽ፣ ዝም ብለህ ቅዳ፤ «ከዚያስ» አትበላት።

መንገዱ ጭቃው ደረቅ ሲል፣ መስቀል ሳያልፍ እመጣለሁ። እስከዚያ ለሚቀጥለው ተረት አንዱን ምረጪና ላኪብኝ፤ የመንደሩን ልብስ ወንዝ ወርደው የሚያጥቡት አጣቢዎች ይሁኑ፣ ወይስ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱት? የጣናን ታንኳ ስለምታውቂ ሁለተኛውን ትመርጫለሽ ብዬ ጀምሬዋለሁ፤ ካልሆነ ግን እተወዋለሁ።

ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ፣ ከባሕር ዳር