ከሰርጉ በፊት የአባዬ ዓይን

ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እማዬ፣ እንዴት ከረማችሁ? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው። መልእክተኛው ነገ ማታ ይበራል፣ የምጽፈው ደግሞ ብዙ ነው።

ሦስት ሳምንት የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ለእህቴ ነግሬያታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አኩርፌ ነበር። አባዬ ስልኩን ተቀብሎ «አሜሪካ የሄድከው ወፍ ልትቆጥር ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም የተቋረጠው። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ይቅር በሉኝ።

ትናንት ደግሞ እህቴ ሳታስበው አመለጣት። አባዬ ወደ ሐይቁ ሲሄድ ቦይ ውስጥ ወድቆ ጉልበቱ ተልጧል አለችኝ። ቦዩን አላየውም አለች። ሁልጊዜ የሚሄድበት መንገድ ላይ! ለምን አልነገራችሁኝም? እኔም የምደብቃችሁ ነገር አለ፣ አልክድም። ይሄ ግን ይለያል።

ከደብዳቤው ጋር 400 ዶላር አለ። ለእህቴ ሰርግ እልካለሁ ካልኩት ግማሹ እንኳ አይሆንም። ክረምቱን ሙሉ ቀን ፓርኪንግ ብሠራ ኖሮ ከዚህ የተሻለ እልክ ነበር። ይህን ሳላውቅ አይደለም የፓርኩ ልምምድ ውስጥ የገባሁት። ለትምህርቴ ያስፈልገኛል፣ ክፍያውም ትንሽ ቢሆን አለው። ግን ለትምህርቱ ብቻ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ደስ ስላለኝ ነው።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ለአባዬ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ቦታው ሳንዲ ፖይንት የሚባል ፓርክ ነው፣ ቼሳፒክ የተባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር። ከፊቱ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ድልድይ ተዘርግቷል። እኔ ለ10 ሳምንት ተለማማጅ ነኝ። አሳ አጥምደው ለማያውቁ ዘንግ እሰጣለሁ፣ መንጠቆ አቋጣጠር አሳያለሁ፣ ሕጉን አስረዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ልጆች ሰብስቤ በቴሌስኮፕ ወፍ አሳያለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው ወፍ ቆጠራዬ።

ውሃው ውስጥ በቆመ ግንድ ላይ ኦስፕሬይ የሚባል አሳ አዳኝ አሞራ ጎጆ አለ። አባዬ ያውቀዋል፤ በበጋ ከአውሮፓ ወደ እኛም ሐይቅ ይመጣል። ያ ከላይ ተወርውሮ እግሩን አስቀድሞ ውሃ ውስጥ የሚገባው። እዚህ ያሉት ደግሞ ብርዱን ሸሽተው ደቡብ አሜሪካ ይወርዳሉ። ድሮ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መርዝ የእንቁላላቸውን ቅርፊት እያሳሳ ሊጨርሳቸው ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዲዲቲን ከከለከለች በኋላ ነው ቀስ በቀስ ያንሰራሩት።

እናትየዋ ከጫጩቶቹ አትርቅም። አሳውን የሚያመጣው አባትየው ነው። ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ ሌላ ግንድ ላይ ያርፍና ጭንቅላቱን ይበላል። ቀሪውን ነው ለቤቱ የሚያመጣው። አንዲት ትንሽ ልጅ ይህን አይታ «ለምን ይቀማቸዋል?» አለችኝ። ካልበላ ነገ ማደን አይችልም አልኳት። ለሷ እንዲህ አልኩ እንጂ ቀኑን ሙሉ ከሆዴ አልወጣ አለኝ። ኪራዬን ከፍዬ የተረፈኝን ስልክላችሁ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሰማኝ።

ያለፈው አርብ፣ ሰኔ 27፣ የነጻነት በዓላቸው ነበር። በዚያ ቀን ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይቻላል። ሕዝቡ ከጠዋቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። ድንጋዮቹ ጋ ስደርስ ነጠላ የለበሱ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመዋል። ልጁ አሳ ይዞ ባልዲ ውስጥ ከቶታል። ሮክፊሽ ይሉታል፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው። ለካሁት፣ 15 ኢንች። የሚፈቀደው ከ19 እስከ 24 ኢንች ነው፣ እሱም በቀን ለአንድ ሰው አንድ። እናትየው የለበስኩትን ዩኒፎርም አይተው ደንግጠዋል። «እማማ፣ አይዞዎት፣ ይሄ ገና ልጅ ነው፣ እንመልሰው» አልኳቸው።

በአማርኛ! እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የኛ ልጅ ነህ እንዴ?» አሉ።

ልጁን እጁን ውሃ ውስጥ እንዲነክር ነገርኩት። በደረቅ እጅ ከተነካ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግ ይላጣል። ሁለታችን ይዘን ወደ ውሃው አወረድነው። ትንሽ ቆመ፣ ጭራውን አንዴ መታና ሄደ። «እንኳን ለቀቅነው፣ ጾምም ነው» አሉ እማማ። ቀጥለው ከየት ነህ አሉኝ። ከሐዋሳ ስላቸው «ታዲያ አሳ ብታውቅ ምን ይገርማል!» ብለው ሽሮ በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ሆዴ ባባ። ከመኪናው ጀርባ ሄጄ ትንሽ ቆየሁ።

አባዬ፣ ይሄ ላንተ ነው። ሐይቃችን ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ጠባብ ቀዳዳ ባለው መረብ ቆሮሶ አሳ የሚያወጡትን ልጆች ስትቆጣ ትዝ ይለኛል። «ጫጩቱን ከጨረሳችሁት ነገ ምን ልታወጡ ነው?» ትላቸው ነበር። እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ዙሪያህን ቆመው የአሳ ሆድቃ ሲጠብቁ፣ አንተ መረብህን ጭንህ ላይ ዘርግተህ። እዚህ ደሞዝ እየተከፈለኝ የማስተምረው ያንኑ ነው። ዘንድሮ ከሐምሌ 9 እስከ 24 ሮክፊሽ ማጥመድ ጭራሽ ይከለከላል። ሙቀት ሲበረታ ውሃው ውስጥ ያለው አየር ያንሳል፣ የተለቀቀውም አሳ ቶሎ ይሞታል። ቋጠሮውንም ያንተን ነው የማሳያቸው። ከመጠበቁ በፊት ክሩን በምራቅ አርጥቡ እላቸዋለሁ፣ አባቴ ነው ያስተማረኝ እላለሁ።

አሁን ወደ ሰርጉ። ሽማግሌዎቹ በክብር መሸኘታቸውን ስሰማ ከልቤ ደስ አለኝ። እህቴ ቬሎዋን ልካ ያሳየችኝ ቀን ፎቶውን አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ አሳየሁ። ያ አፍንጫዋን ስጠርግላት የነበረች ልጅ! በጥር አለመምጣቴን እያሰብኩ ሌሊት እነቃለሁ። ወረቀቴ አላለቀም፣ ምን ላድርግ?

ግን እማዬ፣ ይህ 400 ዶላር ለድንኳን አይደለም፣ ለአባዬ ዓይን ነው። «የኔ ይደርሳል፣ ሰርጉ ይቅደም» እንደሚል አውቃለሁ። አትስሚው። ሐኪሙ ሞራ ነው ካለ ቀዶ ጥገናው አጭር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሸኛሉ። በጥር እህቴ ዝቅ ብላ ጉልበቱን ስትስም ፊቷን እያየ ይመርቃት። ድንኳኑን ለኔ ተዉት፣ እስከ ታኅሣሥ እልካለሁ። አሁንም ማታ ማታ ፓርኪንግ አለችኝ። ቁጭ ብሎ ነው፣ አይከብድም። እንቅልፌንም እተኛለሁ፣ አትጨነቂ።

ፖስታው ውስጥ ለአባዬ አንድ ጥቅል ክርና አሥር መንጠቆ አለ። ጫፋቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። አሳው ብዙ ጊዜ አይውጠውም፣ ከንፈሩ ላይ ነው የሚይዘው፣ ትንሹን በሕይወት ለመመለስ ይመቻል። አሁን ለማንም እንዳይሰጠው። ዓይኑ ሲድን የመጀመሪያውን ራሱ ይቋጥረውና ፎቶውን ላኩልኝ።

ልጅሽ